ከጀልባ መጎተቻ ወደ ሩጫ መንገድ፦ የሎት ወንዝ ሸለቆ ታሪክ

ሎት በደቡብ ፈረንሳይ ከሎዜር ተራሮች ፈልቆ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ከተጓዘ በኋላ ከጋሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በመንገዱ ሜንድን፣ ኤስፓሊዮንን፣ ካዣርክን፣ ካኦርንና ቪልነቭን አቋርጦ ያልፋል። ኬርሲ በሚባለው አካባቢ የኖራ ድንጋይ አምባውን ሰንጥቆ ሲወርድ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም። ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ዞሮ መጠምዘዝ ከጀመረበት ሥፍራ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ርቆ ብቅ ይላል። በየእጥፋቱ ውስጠኛ ጎን ደለል የተኛበት ለጥ ያለ ማሳ አለ። በውጨኛው ጎን ደግሞ ውሃው ከሥሩ የቦረቦረው ገደል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ዛሬ ከፈረንሳይና ከሌላ አገር ለሩጫ ወደዚህ ሸለቆ የሚመጡትን ሰዎች የሚስባቸው ይኸው መፈራረቅ ነው፤ ለጥ ያለ የወንዝ ዳር መንገድ፣ ከዚያ ድንገተኛ ዳገት፣ ከዳገቱ አናት ላይ ደግሞ ሸለቆው በሙሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ ለሩጫም ሆነ ለሽርሽር ተብለው የተሠሩ አይደሉም። አንዳንዱ ጀልባ የተጎተተበት፣ አንዳንዱ በግ የተነዳበት፣ አንዳንዱ ተሳላሚ የተጓዘበት ነው። መንገዶቹ የተረፉትም ሥራው ሲቆም ማንም ሊያፈርሳቸው ስላልደከመ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የወንዙ ንግድ ነው። ከላይኛው ሸለቆ የጥድና የኦክ ግንድ፣ ለበርሜል መሥሪያ የሚሆን ጣውላ፣ አይብና በኋላም የድንጋይ ከሰል ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከካኦር ዙሪያ የሚጫነው ዋናው ዕቃ ግን ወይን ጠጅ ነው። ከጥቁረቱ የተነሣ «ጥቁር ወይን» እየተባለ በእንግሊዝና በሰሜን አውሮፓ ገበያ ስሙ የተጠራው የካኦር ወይን፣ ጋባሬ በሚባሉ ሆዳቸው ጠፍጣፋ በሆኑ የእንጨት ጀልባዎች ተጭኖ በሎት ወደ ጋሮን፣ በጋሮን ወደ ቦርዶ ወደብ ይሄድ ነበር። ሲመለሱ ጨው፣ የደረቀ ዓሣ፣ ስኳርና ቡና ይዘው ይመጣሉ። ከላይኛው ሸለቆ የሚነሡ አንዳንድ ጀልባዎች ጨርሶ አይመለሱም፤ ዕቃቸው ከተራገፈ በኋላ ይፈርሱና እንጨታቸው ይሸጣል። ሽቅብ መጎተቱ ምን ያህል ድካምና ወጪ እንደነበረው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ቁልቁል ሲወርዱ ውሃው ራሱ ይወስዳል፤ የጀልባው አዛዥ ሥራ ከድንጋይና ከአሸዋ ደለል መሸሽ ብቻ ነው። ሽቅብ ሲሆን ግን ጉልበት ያስፈልጋል። ረጅም ገመድ ከጀልባው ምሰሶ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ በጎታቾቹ ደረት ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይያያዛል፣ ሰዎቹም አጎንብሰው እየተንጠራሩ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። መንገዱ ሰፋ ባለበት ቦታ በሬ ወይም ፈረስ ይተካቸዋል። ገመዱ ዛፍ ላይ ከተጠመጠመ ወይም አጥር ላይ ከተያዘ ጀልባው ይቆማል፤ ወንዙ በሞላ ጊዜም ሊገለበጥ ይችላል። የወንዙን ዳር ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1669 በሉዊ 14ኛ ዘመን በሚኒስትሩ በኮልቤር አመንጪነት የወጣው የውሃና የደን ድንጋጌ፣ ጀልባ በሚሄድባቸው ወንዞች ዳር መሬት ያለው ሁሉ ጀልባ በሚጎተትበት ወገን ቢያንስ 24 ጫማ ስፋት ያለው መንገድ እንዲተው አዘዘ። በዚያ ወገን ከ30 ጫማ በቀረበ ርቀት ዛፍ መትከል ወይም አጥር ማጠር ተከለከለ። በሌላኛው ዳር ደግሞ 10 ጫማ እንዲተው ተደነገገ። በዛሬው መለኪያ 7.80 ሜትርና 3.25 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፣ ማለፊያው ግን የሁሉም ነው። በዚህ ድንጋጌ ኮልቤር ያሰበው የንጉሡን ንግድና የጦር መርከብ እንጨት ነው፤ ይሁንና ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለሯጮች የሚያገለግለው ሕግ ከዚሁ የመነጨ ነው። በዚሁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሎት ታችኛው ክፍል ላይ የውሃ በሮች መሠራት ጀመሩ። የውሃ በር ማለት ጀልባው ሁለት መዝጊያ ባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ውሃው እስኪሞላ ወይም እስኪጎድል የሚጠብቅበትና የግድቡን ከፍታ በዚያ የሚሻገርበት ግንባታ ነው።

የሸለቆው ንግድ ችግር ግን ወንዙ ብቻ አልነበረም። የቦርዶ ነጋዴዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በያዙት ልዩ መብት፣ ከላይኛው አገር የሚመጣ ወይን የራሳቸው ወይን ገበያውን ሳያጠግብ እንዳይቀርብ ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ የካኦር ገበሬ ወይኑን በሰዓቱ ቢያደርስም ደጅ ላይ ይጠብቃል። ይህን መብት በ1776 የሻረው የሉዊ 16ኛ የገንዘብ ሚኒስትር ቱርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዙን ማሻሻል ለሸለቆው ሰው የሚያዋጣ ሆነ።

ትልቁ ሥራ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ሎትን ከታች እስከ ላይ በግድብና በውሃ በሮች ሊያስተካክለው ተነሣ። አንዱ ገፊ ምክንያት በላይኛው ሸለቆ በደካዝቪል የተከፈተው የከሰልና የብረት ሥራ ነበር። በሉዜሽ ወንዙ ከተማዋን ከቦ ሊዞር ምንም ያህል ስለማይቀረው፣ ጀልባዎች ዙሪያውን እንዳይደክሙ በአንገቱ ላይ ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተደፍኗል፤ ዛሬ በቦታው ላይ የከተማው አደባባይ አለ፣ ገበያም ይቆምበታል።

የዚህ ዘመን ድንቅ ሥራ ግን በቡዚዬስ መንደርና በሴን ሲርክ ላፖፒ መካከል የሚገኘው የጋኒል መጎተቻ መንገድ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ገደሉ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ጎታች የሚረግጠው አንዲት ስንዝር መሬት አልነበረም። ቀድሞ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥም ሰዎቹና እንስሶቹ በጀልባ ወደ ማዶ ተሻግረው ከዚያ ይጎትቱ ነበር፤ ይህም ሰዓት ይበላል። ከ1843 እስከ 1847 ባሉት ዓመታት ሠራተኞች ገደሉን ከሥር ፈልፍለው መንገድ አወጡለት። የተፈለፈለው ክፍል 300 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወለሉ አለት ነው፣ አንድ ጎኑ አለት ነው፣ ጣራውም ወደ ወንዙ የተዘረጋ አለት ነው፤ ክፍት የሆነው የውሃው ወገን ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የመጥረቢያው ሰረዝ እስከ ዛሬ ይቆጠራል። ጠርዙ ላይ መከለያ የለም፤ ከእግር በታች ያለው አረንጓዴው ውሃ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ዳንኤል ሞኒዬ የተባለ ቀራጺ በዚሁ ግድግዳ ላይ ዓሣና የባሕር ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ቅርጾችን ረዘም አድርጎ ቀርጿል። አለቱ ከጥንት ባሕር ወለል የተሠራ በመሆኑ ቅርጹ ለቦታው እንግዳ አይደለም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ ስማቸው ያልተጻፈው ጠራቢዎች የተዉት ሰረዝ የበለጠ ዓይን ይስባል።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬውን በቅጡ ሳያሳይ ባቡር ደረሰ። በ1858 ከሞንቶባን ወደ ካፕደናክ የሄደው ሐዲድ የላይኛውን ሸለቆ ከሰል ከወንዙ ነጠቀ። በ1869 ባቡር ካኦር ገባ። በ1886 ደግሞ ከካኦር ወደ ካፕደናክ የሚወስደው መስመር ሸለቆውን ተከትሎ፣ በድልድይና በዋሻ የወንዙን ጥምዝ እያቋረጠ ተከፈተ። ጀልባ ቀናት የሚወስድበትን ባቡር በሰዓታት ይጨርሰው ጀመር። በዚያው ሰሞን የወይኑን ሥር የምታደርቀው ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ ከአሜሪካ በመጣ ችግኝ ወደ ፈረንሳይ ገብታ የኬርሲን ተክል ፈጀችው። ጀልባው የሚጭነውም፣ ጀልባውን የሚጭነው ሰውም አብረው ጠፉ። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ፣ በአምባው ላይ ያሉ ማሳዎች ጫካ ዋጣቸው። በ1926 ሎት ከአገሪቱ የመጓጓዣ ወንዞች ዝርዝር ተሰረዘ። የውሃ በሮቹ በእሾህ ተሸፈኑ፣ የመጎተቻው መንገድም ዓሣ አጥማጅና እረኛ ብቻ የሚያልፍበት ሆነ።

መንደሮቹ ባዶ ሲቀሩ ውበታቸውን ያዩት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሴን ሲርክ ላፖፒ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። በቀድሞ ዘመን ነዋሪዎቹ ለወይን በርሜል የሚሆን የእንጨት ቧንቧ በማሾር ይታወቁ ነበር፤ የወይኑ ንግድ ሲወድቅ እነሱም ሥራ ፈቱ። በ1949 የካኦር ከተማ ራሷን የዓለም ዜጎች ከተማ ብላ ስታውጅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከከተማዋ የሚነሣው መንገድ «የዓለም መንገድ ቁጥር አንድ» ተብሎ ተመረቀ። በዚያ በዓል ላይ የተገኘው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን መንደሩን አይቶ ልቡ ተሰረቀ፤ ቤት ገዝቶም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ በአውሮፓ የበጋ ወራት እየመጣ ኖረበት። የዓለም ዜግነቱ ንቅናቄ ቆይቶ ተረሳ፣ መንደሩ ግን ታወቀ። በ2012 የፈረንሳይ የቴሌቪዥን ተመልካቾች በአገሪቱ ከሚወዷቸው መንደሮች ሁሉ አንደኛ ብለው መርጠውታል።

ከወንዙ ዳር መንገድ ጋር የሚገናኙት ሌሎች መንገዶች ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው። ወደ ስፔን፣ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከለ ፑይ ከተማ ተነሥተው በኤስፓሊዮንና በኤስታን የሎትን ሸለቆ ያገኛሉ፣ ፊዣክንና ካዣርክን አልፈው ካኦር ይገባሉ። ካኦር ላይ ወንዙን የሚሻገሩበት የቫላንትሬ ድልድይ ግንባታው በ1308 ተጀምሮ አብዛኛውን 14ኛውን ክፍለ ዘመን ፈጅቷል። ሦስት ግንቦች አሉት፤ ከተማዋን ከጠላት የሚጠብቅ ምሽግም ነበር። ግንበኛው ሥራው ቢጓተትበት ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ አስጨረሰው፣ በመጨረሻም በወንፊት ውሃ ቅዳልኝ ብሎ አታለለው የሚል አፈ ታሪክ አለ። የተበሳጨው ሰይጣን የመካከለኛውን ግንብ አንዲት ድንጋይ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይነቅላት ነበር ይባላል። በ1879 ድልድዩን ያደሰው ፖል ጉ የተባለ አርክቴክት በተባለችው ቦታ ላይ ድንጋይ ሊነቅል የሚታገል ትንሽ ሰይጣን አስቀርጾ ተረቱን በሕንፃው ላይ አትሞታል። ድልድዩ በ1998 ከተሳላሚዎቹ መንገድ ሌሎች ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

በአምባው ላይ ደግሞ በጎች ወደ ግጦሽና ወደ ውሃ የሚነዱባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ። ያለ ጭቃ በተደረደረ የድንጋይ ካብ መካከል ያልፋሉ፤ አልፎ አልፎም እረኛ ከዝናብ የሚጠለልባቸው ክብ የድንጋይ ጎጆዎች ይገኙባቸዋል። በሴሌ ወንዝ ዳር፣ ይህ ገባር ከሎት ጋር ከሚገናኝበት ከቡዚዬስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ፔሽ መርል የተባለው ዋሻ አለ። በ1922 ሁለት የአካባቢው ወጣቶች ገብተው ነጠብጣብ ያለባቸው ፈረሶች የተሳሉበትን ግድግዳ አገኙ። በዋሻው ወለል ላይ በጭቃ የታተመ የአንድ ለጋ ወጣት የእግር ዱካም ተገኝቷል። በዚህ ሸለቆ በእግር ስለመሄድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ የቀደመ ማስረጃ አይፈልግም።

እነዚህን የተበታተኑ መንገዶች ወደ አንድ ሥርዓት ያስገባቸው በ1947 የተቋቋመው የረጅም የእግር ጉዞ መንገዶች ብሔራዊ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው በፈረንሳይ ምድር ሁሉ «ግራንድ ራንዶኔ» የሚባሉ ቁጥር ያላቸው መንገዶችን ዘረጋ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ቀለምና ብሩሽ ይዘው በዛፍ፣ በድንጋይና በግድግዳ ላይ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ሰረዝ ይቀባሉ። ሁለቱ ቀለማት ተቆላልፈው መስቀለኛ ከሆኑ መንገዱ በዚያ አይደለም ማለት ነው። ሯጭ እንደ እግረኛ በየመስቀለኛው ቆሞ ስለማያይ ይህችን ምልክት ብዙ ጊዜ ያልፋታል፤ የሚመለሰውም ዳገቱን ከወጣ በኋላ ነው። የተሳላሚዎቹ መንገድ ቁጥር 65 ሲሆን፣ የጋኒል መጎተቻ መንገድ በቁጥር 36 ሥር ገብቷል። በ1999 የኬርሲ አምባዎች የክልል የተፈጥሮ ፓርክ ሲመሠረት ለመንገዶቹ ጥበቃ ተጨማሪ ተቆርቋሪ ተገኘ።

ሩጫ ወደ እነዚህ ሸለቆዎች የመጣው ግን ከእግር ጉዞው ዘግይቶ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ረጅም ሩጫ የስታዲየምና የክለብ ነገር ነበር፤ በገጠር መንገድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ምን ነክቶት ነው ይባላል። ይህን የለወጠው በ1970ዎቹ የተነሣው የነጻ ሩጫ እንቅስቃሴ ነው። በ1896 የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን ባሸነፈው ግሪካዊ ስም የተሰየመው «ስፒሪዶን» መጽሔት በ1972 በስዊዘርላንድ መታተም ጀመረና፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በፈለገው ፍጥነት፣ በፈለገው መልክዓ ምድር ሊሮጥ ይገባል የሚለውን ሐሳብ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዓለም አሰራጨ።

የደቡቡ ተራራማ አገር ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ነበር። በዚያው በ1972 ከሎት በስተ ደቡብ ባለው በታርን ሸለቆ የሚዮ 100 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ ከማርቬዦል ተነሥቶ ሁለት ዳገት ተሻግሮ በሎት ዳር ባለችው በሜንድ የሚያልቀው የማርቬዦል-ሜንድ ሩጫ ተመሠረተ። ርቀቱ 22.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ማራቶን ብዙም አይርቅም፣ ዳገቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሐምሌ ሙቀት የሚካሄድ ሲሆን የሎዜር ሕዝብ ዳር ዳር ተሰልፎ ያያል። በኋለኞቹ ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች የፊት ረድፉን ይዘውታል፤ ለከፍታ ሰው ይህ ዳገት እምብዛም አያስደነግጥም። በ1995 ደግሞ በአቬሮን አውራጃ በናን መንደር የተጀመረው የታምፕሊዬ ሩጫ አስፋልቱን ጨርሶ ትቶ በበግ መንገድና በገደል አፋፍ ላይ ገባ። በፈረንሳይ «ትሬይል» የሚባለው የገጠርና የተራራ ሩጫ ብዙ ሰው የለመደው ከዚህ ወዲህ ነው።

በሎት መካከለኛ ሸለቆ ያሉት መንገዶች ከውድድር ይልቅ ለብቻ ሩጫ የሚስማሙ ናቸው። ከቡዚዬስ ተነሥቶ በጋኒል አለት ሥር አልፎ ሴን ሲርክ ላፖፒ ድረስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፤ ድካሙ ከወንዙ ወደ መንደሩ በሚወጣው የመጨረሻ ዳገት ላይ ተከማችቷል። በካኦር ደግሞ ወንዙ ከተማዋን በሦስት ወገን ስለሚከባት፣ ዳሩን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ድልድዮቹን አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ተነሣበት አካባቢ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ሞን ሴን ሲር ኮረብታ የወጣ እንደሆነ ከተማዋን፣ ቀይ ጣራዎቿንና የቫላንትሬን ግንቦች በአንድ ጊዜ ያያል። ለጀማሪ የሚበጀው ጠዋት መውጣት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የኖራ ድንጋዩ ሙቀቱን ያምቀዋል። ዝናብ በዘነበ ማግስት የጋኒል ወለል ያንሸራትታል፤ ድንጋይ የመናድ ሥጋት ሲኖርም ባለሥልጣናት ይዘጉታል።

ወንዙ ራሱም ሙሉ በሙሉ አልተረሳም። በ1990 ገደማ ከሉዜሽ እስከ ሴን ሲርክ ላፖፒ አካባቢ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዙ ክፍል ለመዝናኛ ጀልባዎች ዳግም ተከፍቷል፤ በእሾህ የተሸፈኑት የውሃ በሮች ተጠግነው አሁን የሚከፈቱት ለቱሪስት ነው። ሕጉም ተከተለ። የድሮው የመጎተቻ መብት ከጀልባዎቹ ጋር ትርጉሙን አጥቶ ዳር ማለፊያው ለወንዙ ሠራተኛና ለዓሣ አጥማጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2006 የወጣው የውሃ ሕግ ግን በመንግሥት ይዞታ ሥር ባሉ ወንዞች ዳር ያለችውን 3.25 ሜትር ማለፊያ ለእግረኛ ሁሉ ክፍት አደረጋት። ልኳ ኮልቤር በሌላኛው ዳር እንድትተው ያዘዛት የ10 ጫማ ስፋት ናት። በየወንዙ ዳር ግቢያቸውን እስከ ውሃው አጥረው የነበሩ ባለርስቶች ሕጉን በደስታ አልተቀበሉትም፤ በብዙ ቦታ ሙግቱ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ጀልባዎቹን ያሸነፈው ባቡርም ተራው ደርሶ ተሸንፏል። በካኦርና በካፕደናክ መካከል ያለው መስመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ መንገደኛ ማመላለስ አቁሟል፤ ለጎብኚ ተብሎ ይሄድ የነበረውም ባቡር ቆይቶ ቆሟል። ሐዲዱ ተነሥቶ የሯጭ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይሁን የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ባቡሩ ይመለስ የሚሉም አሉ። ክርክሩ ለዓመታት ዘልቋል።